ፍየሉ የማን ነው?

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ መኖ አያያዝ፣ ስለ ወተት ጥራትና ስለ ዶሮ በሽታ ነው። እኔም ከመስመር ላለመውጣት ብዬ ፍየል ይዤ መጥቻለሁ። ይሁን እንጂ የእኔ ፍየል አትታለብም፣ አትታረድምም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ማታ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ዶርማችን ውስጥ ስምንት ሆነን የስልክ መብራት አብርተን ተቀምጠናል። አዲስ አበባ ያደገው ጓደኛችን በስልኩ የአሜሪካዊውን ራፐር የጄይ-ዚን ዘፈን ከፈተና ‹‹በቃ፣ ጎት ማለት እሱ ነው!›› አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ ‹‹ናስ እያለ?›› አለው። ሦስተኛው ቱፓክን ጠራ። ድምፅ ከፍ ከፍ እያለ መጣ። ይኼኔ ከሊቦ ከምከም የመጣው ልጅ ‹‹ቆይ፣ ቆይ፣ ፍየል ነው ያላችሁት? የማን ፍየል?›› ብሎ ጠየቀ። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ለማያውቁት ላስረዳ። ‹‹ጎት›› በእንግሊዝኛ ፍየል ማለት ነው። ‹‹የምንጊዜም ታላቅ›› የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የየቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ሲገጣጠም ይህንኑ ቃል ይሰጣል። ‹‹እኔ ታላቁ ነኝ›› እያለ ዓለምን ያስደመመው ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ነው፤ ራፐሩ ኤልኤል ኩል ጄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በዚሁ የፊደል ምኅጻር የተሰየመ አልበም አውጥቷል። ዛሬ ኳስ ተጫዋቹም፣ ሯጩም፣ ዘፋኙም ‹‹ጎት ነው፣ አይደለም›› ይባልበታል።

የዚያን ዕለት ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ማንም ማንንም አላሳመነም። የአገራችን ሰው ‹‹ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ›› ይላል፤ የሚወረወረው ዱላ ሌላ፣ የታለመችው ፍየል ሌላ እንደማለት ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንደኛው ምክንያት ክርክሩ ለምን እንደማያልቅ ለማስረዳት ነው። ሁለተኛው ምክንያት በዚያ ምሽት ዝም ያልኩበት ነገር ስላለ ነው። እሱን ቆይቼ እናገራለሁ።

ስለ አንጋፋው ራፐር ምን ይባላል?

መጀመሪያ ለጄይ-ዚ የተከራከረውን ልጅ ሐሳብ በሚገባ ላቅርብለት። ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ሙዚቃ ባጫወተበት የወጣቶች ግብዣ ላይ ነው። 50ኛ ዓመቱ በተከበረበት በ2023 ቢልቦርድና ቫይብ የተባሉት የሙዚቃ መጽሔቶች 50 ታላላቅ ራፐሮችን በደረጃ ሲያስቀምጡ አንደኛ ያሉት ጄይ-ዚን ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1969 ብሩክሊን ተወለደ። የመጀመሪያ አልበሙን በ1996 አወጣ። ከ20 ዓመት በኋላም፣ በ2017፣ ስለ ትዳሩና ስለ ስሕተቱ በግልጽ የሚናገርበትን አልበም አቀረበ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዘፈን ደራሲዎች የክብር መዝገብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ራፐር ሆነ። የግራሚ ሽልማቶቹ ከ20 በላይ ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ግጥሙን ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ በጭንቅላቱ አቀናብሮ፣ ማይክ ፊት ቆሞ ያወርደዋል ይባላል፤ ራሱም ደጋግሞ ተናግሮታል። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። የናስ ደጋፊ ‹‹ልጁ በ1994 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ እንከን የለሽ ሥራ ነው፤ አንድ ፍጹም ሥራ ከአሥር መካከለኛ ሥራ ይበልጣል›› አለ። ሌላው ራኪምን ጠቀሰ፤ በ1987 በወጣው አልበም ላይ ቤት የሚመታውን ቃል ከስንኙ መጨረሻ አውጥቶ በስንኙ ውስጥ ደጋግሞ በማስገባት የራፕን አገጣጠም የለወጠ ሰው ነው። የቱፓክ ወዳጅ ‹‹በ25 ዓመቱ፣ በ1996 ተገደለ፤ እስካሁን ግን ሰው ያለቅስለታል›› አለ። ኬንድሪክ ላማርን የጠራም ነበር፤ በ2018 የፑሊትዘር ሽልማትን ሲያገኝ ከክላሲክና ከጃዝ ውጭ ያለ ሙዚቃ ሲሸለም የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ የለካው ዕድሜን ነው፤ ስንት ዘመን በላይ ቆየ? ሁለተኛው የአንድ ሥራ ፍጹምነትን ነው። ሦስተኛው ፈር ቀዳጅነትን፣ አራተኛው በሰው ልብ የቀረውን፣ አምስተኛው ከባለሙያ ያገኘውን ክብር ነው። አምስቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን አምስት ሰዎች በአምስት ሚዛን መዝነው በአንድ ዋጋ ሊስማሙ አይችሉም።

ከትምህርታችን የተገኘ ሚዛን

እኛ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች ይህንን ስሕተት መሥራት አልነበረብንም። ስለ እንስሳት ዝርያ ማሻሻል ስንማር መምህራችን ክፍል ገብተው ‹‹ከላሞች ሁሉ የትኛዋ ትበልጣለች?›› ብለው ጠይቀውን ነበር። ግማሻችን ‹‹ሆልስቲን ፍሪዥያን›› አልን። መምህሩም ‹‹ለምን?›› አሉ። ‹‹ወተቷ ብዙ ነው›› አልን። ‹‹እሺ፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ያገኘችውን ሣር በልታ ማን ትኖራለች?›› አሉ። ያኔ የፎገራ ላም ትዝ አለችን። ረግረጉን፣ ዝንቡን፣ ጥገኛ ተውሳኩን ችላ የኖረች ላም ናት። ወተትም ታውቃለች።

ፍየሎችም እንደዚሁ ናቸው። ለወተት ከሆነ በጋይት አለች። ለሥጋ ከሆነ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ቦር አለ። ደረቅ ተራራ ላይ ቁጥቋጦ ቆርጥማ የምትኖረዋን ከፈለግን የአበርገሌ ፍየል አለች። ‹‹የፍየሎች ሁሉ ፍየል›› የሚል ምድብ ግን በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የለም።

ከዚያ ትምህርት ሦስት ነገር ይዣለሁ። አንደኛ፣ ከመምረጥህ በፊት የምትመርጥበትን ባሕርይ ተናገር። ሁለተኛ፣ እንስሳው በምን አካባቢና በምን አያያዝ ያን ውጤት እንዳመጣ ጠይቅ። ሦስተኛ፣ መዝገብ አለ ወይ በል። ወተቷ በየቀኑ ያልተመዘገበ ላም በወረቀት ላይ ወተት የላትም። ይኼ ማለት ግን ጥጃዋ ጦሙን አደረ ማለት አይደለም። ይህች ሦስተኛዋ ነጥብ ለእኔ ትልቋ ናት። እስኪ በሦስቱ ነጥቦች የራሳችንን ሰው እንመዝን።

የእኛው ንጉሥ

በዚያ ምሽት ክርክሩ ከአሜሪካ ተነሥቶ አገር ቤት ገባ። በአማርኛ ራፕ እነ ቴዲ ዮ፣ እነ ልጅ ሚካኤል ተጠሩ፤ ነገር ግን ‹‹የምንጊዜም›› የሚለው ቃል ሲነሣ ሁሉም ወደ አንድ ስም ሄደ፤ ወደ ጥላሁን ገሠሠ። ‹‹ንጉሡ›› እያልን ነው ያደግነው። ወላጆቻችንም እንዲሁ።

ጥላሁን በመስከረም 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ፤ ያደገው ወሊሶ ነው። ገና በልጅነቱ ዘፈን አሸንፎት ትምህርቱን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ። የ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ሙከራውን የመራው ክብር ዘበኛ ስለነበር፣ እሱም ታስሮ ተፈታ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። በንጉሡ ዘመን፣ በደርግ ዘመን፣ በኢሕአዴግም ዘመን ዘፈነ። በ1985 ዓ.ም. አንገቱን በስለት ተወግቶ ከሞት ተርፎ ወደ መድረክ ተመለሰ። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን አጥቶም ከሕዝብ ፊት አልጠፋም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዕለት ማታ ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰ።

በዕድሜ ብትለኩት ጥላሁን ያልፋል። በሰው ልብ ብትለኩትም ያልፋል። በድምፅማ ምን ይወራል!

ይሁንና ከመካከላችን አንዱ አንድ ከባድ ጥያቄ አነሣ። ‹‹ጥላሁን ግጥሙን ሁልጊዜ ራሱ ጻፈ ወይ? ዜማውንስ?›› አለ። እውነት ነው፤ ከጥላሁን ጀርባ ብዙ ገጣሚዎችና እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማና የቅንብር ሰዎች ነበሩ። ራፐር ግን የሌላ ሰው ግጥም ከያዘ ይናቃል። ታዲያ ጄይ-ዚንና ጥላሁንን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል? አይቻልም። የጥላሁን ሥራ የሰጡትን ቃል በድምፁ ሕይወት መዝራት ነበር። አንድን ቃል ሺህ ሰው ሊለው ይችላል፤ ጥላሁን ሲለው ግን ሌላ ይሆናል። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የራፐር ሙያ ደግሞ ቃሉን ራሱ መፍጠር ነው።

ታዲያ በአገራችን ቃሉን ራሱ የሚፈጥር፣ በምት ላይ የሚያወርድ፣ ወረቀት የማይዝ ማን ነው? እዚህ ጋ አንዱ ልጅ ‹‹አዝማሪ ነዋ!›› ቢል ሌላው ‹‹ኧረ ተወኝ፣ አዝማሪ ምን ጥበብ አለው? ለልመና የሚዘፍን አይደል?›› አለው። ተሳቀ። ክርክሩም ወደ ኳስ ዞረ። እኔ ዝም አልኩ።

አዝማሪ እንዴት ይሠራል?

ዛሬ ላስረዳ። አዝማሪ ማሲንቆ ይዞ ሰርግ ቤት ወይም ጠጅ ቤት ይገባል። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ገበታው በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የፍየል። (ፍየሏ እዚህም አለች!) አዝማሪው እንግዶቹን ያያል፤ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ቀስ ብሎ ያጣራል። ከዚያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ከሚባሉት ቅኝቶች የሚስማማውን ይዞ፣ እዚያው በዚያው የማንም ያልሆነ አዲስ ግጥም ይደረድራል። ቤት መምታት አለበት፤ ምቱን መጠበቅ አለበት፤ ማሞገስ፣ መውጋት፣ ማሳቅ አለበት። ከእንግዶቹ አንዱ ‹‹ተቀበል!›› ብሎ የራሱን ስንኝ ቢወረውርለት በአንድ ትንፋሽ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ከተሳሳተ ይሳቅበታል፤ ሽልማትም የለም።

ራፐሮች ፍሪስታይል የሚሉት ከዚህ በምን ይለያል? አንድ ልዩነት አለው። አዝማሪው ከዚህ ሁሉ በላይ ሰምና ወርቅ ይጨምርበታል። ስንኙ ላይ ላዩን አንድ ነገር ይላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። በጌታ ፊት የማይባለውን ነገር ጌታው እየሳቀ እንዲሰማው ያደርጋል።

ይህ ጥበብ የወንድ ብቻም አይደለም። ክራሯን ይዛ እዚያው ግጥም እየደረደረች አዳማጭን የምታስደንቀው የቴአትርና የሙዚቃ ባለሙያዋ አስናቀች ወርቁ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እስካረፈች ድረስ የዚሁ ጥበብ ምልክት ነበረች። ባላባቶችም ያውቁበት ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር የተላከው፣ በኋላ ነጋድራስ የተባለው ተሰማ እሸቴ፣ አዝማሪ ሳይሆን በግጥም መልሱ የታወቀ ሰው ነበር። ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም እሱ ነው።

ጥበቡ ተራ ጨዋታ እንዳልነበረ ጠላትም ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እየታደኑ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎች ነበሩበት። በመንደር ለመንደር የሚዞር ማሲንቆ ሕዝቡን እንደሚያነሣሣበት ገብቶት ነው። በዓለም ላይ ስንት ራፐር ስለ ጀግንነቱ ራሱን ያወድሳል! እነዚህ ሰዎች ግን ስለ ቃላቸው ሞት ተፈረደባቸው። የቃልን ኃይል ከዚህ በላይ የሚመዝን ምን ሚዛን አለ?

ዝም ያልኩበት ምክንያት

ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። የአባቴ አባት አዝማሪ ነበሩ።

በዚህ ግቢ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያቱን የአካባቢያችን ልጆች ታውቁታላችሁ። አዝማሪ ሰርግ ላይ ከሁሉ ፊት ይቆማል፤ ልጁ ለጋብቻ ሲታሰብ ግን ‹‹ዘሩ ምንድን ነው?›› ተብሎ ከሁሉ ኋላ ይቀራል። አባቴ በዚህ ምክንያት ማሲንቆ ነክቶ አያውቅም። ሩዝ ያመርታል። ‹‹አንተ ተማር፣ ይኼን ነገር አታንሣ›› ይለኛል። እኔም አላነሣሁም። አያቴ ከሌሎች አዝማሪዎች ጋር ብቻ የሚነጋገሩበት የምስጢር ቃላት ነበራቸው፤ ልጅ ሆኜ ጥቂቶቹን ሰምቻለሁ። ሌላ ልጅ ፊት ግን እንዳላፍር ብዬ እንዳልገባኝ እሆን ነበር።

አያቴ 40 ዓመት ያህል ዘፍነዋል። ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን፣ ከሀሙሲት እስከ ደብረ ታቦር ያልገቡበት ሰርግ የለም ይባላል። በዓመት 20 ሰርግ ብቻ ብንል በ40 ዓመት 800 ሰርግ ይሆናል። በአንድ ሌሊት ስንት ስንኝ እንደሚደረደር እናንተው አስቡት። በ2014 ዓ.ም. አረፉ። ያኔ እኔ ስልክ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስልኬ ውስጥ የኳስ ጎል፣ የጓደኞቼ ፎቶ፣ የጎረቤት ጥጃ ሳይቀር ነበረ። የአያቴ ድምፅ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ የለም። ማንም አልከለከለኝም። አልቀዳሁም፤ በቃ።

ካረፉ በኋላ ደብተር ይዤ ሴት አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ‹‹ምን ይሉ ነበር?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ አሰቡ። ‹‹ልጄ፣ እሱ ሲለው ነው እንጂ የሚያምረው እኔ ምኑን አውቄው›› አሉ። በመጨረሻ አንዲት ግጥም ትዝ አለቻቸው። አያቴ ሩቅ ቦታ ሰርግ ተጠርተው ሌሊቱን ሙሉ ዘፍነው ባለ ሰርጉ እጁን አልፈታ ሲል፣ ንጋት ላይ ማሲንቆውን አነሡና እንዲህ አሉት አሉ፤

ያን ሁሉ ወንዝ አልፌ፣ ያን ሁሉ አገር ዞሬ፣
ወረታ ሳላገኝ ገባሁኝ መንደሬ።

ሰሙ የመንገድ ነገር ነው፤ ብዙ ዞሬ ወረታ ከተማን ሳላገኝ ቤቴ ገባሁ ይላል። ወርቁ ግን ሌላ ነው፤ ወረታ ማለት የድካም ዋጋ፣ የውለታ መልስም ነውና ‹‹ደክሜ ዋጋዬን ሳልቀበል ልሄድ ነው›› ይላል። እንግዶቹ ሳቁ፤ ባለ ሰርጉ አፍሮ ኪሱን ፈታ። ሳይለምኑ፣ ሳይሳደቡ፣ በሁለት ስንኝ!

ከ800 ሰርግ የተረፈችው ይህች ናት። እኔ ስለ ወረታ ይህንን ሁሉ ዘመን ስኖር የከተማችን ስም ሁለት ፍቺ ይዞ ሊዘፈን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ‹‹አዝማሪ ለልመና ይዘፍናል›› ላለው ጓደኛዬ መልሴ ይህች ግጥም ናት። ያን ዕለት ማታ ልመልስለት ይገባኝ ነበር።

መዝገብ የሌላት ላም

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ነጥብ ልመለስ። ጥላሁን በትክክል ታላቅ ነው፤ ታላቅነቱን ማወቅ የቻልነው ግን ስለተቀዳ ነው። ሬዲዮ ነበረ፣ ሸክላ ነበረ፣ በኋላም ካሴት መጣ። ይህም በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነበር፤ ወጣቱ ዐምሃ እሸቴ ደፍሮ የራሱን የሸክላ ኩባንያ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀዱት ድምፆች ናቸው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ ዓለምን የዞሩት። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. የተጫወተው ሥራ በ1986 አውሮፓ ታትሞ፣ እሱ ራሱ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት የበላው ቴፑ ስለነበረ ነው።

ታዲያ ማን ተቀዳ? አዲስ አበባ የነበረ፣ ባንድ ውስጥ የገባ፣ ማይክ ፊት የቆመ። ማን አልተቀዳም? በርብ ዳር፣ በዳስ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት ሦስት መቶ ስንኝ የደረደረ። የኋለኛው ግጥም ከፊተኛው ያነሰ ስለነበረ አይደለም። ሥራው የዚያ ሌሊት ነበረ። ጎህ ሲቀድ ያልቃል።

ስለዚህ ‹‹የምንጊዜም ታላቅ›› ስንል ሳናውቀው ‹‹ከተቀዱት ሁሉ ታላቅ›› ማለታችን ነው። የወተት መዝገብ ያላቸውን አሥር ላሞች አወዳድሮ ‹‹ከፎገራ ላሞች ሁሉ ይህች ትበልጣለች›› እንደማለት ነው። ተማሪ እንዲህ ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ መምህራችን ስንት እንደሚሰጡት ታውቃላችሁ።

አንዳንዱ ‹‹ያልተቀዳን ነገር እንዴት እንመዝናለን? የሌለ ነገር እኮ ነው›› ሊል ይችላል። እውነት አለው። ያልሰማሁትን አዝማሪ ከጥላሁን ይበልጣል ማለት አልችልም፤ አያቴንም ጨምሮ። ለአያቴ ያለኝ ማስረጃ ሁለት ስንኝ ነው። በሁለት ስንኝ ዘውድ አይደፋም። ነገር ግን ያንኑ ያህል ‹‹ማንም አልበለጠውም›› ማለትም አልችልም። ማለት የምችለው አለማወቄን ያህል ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ሚዛን ሚዛን እያልኩ ሳልፈርድ ብቀር ፈርቶ ነው እንዳትሉኝ።

ጄይ-ዚ የምንጊዜም ታላቅ ነው ወይ? ሚዛኑ በላይኛው ደረጃ ላይ ረጅም ዘመን መቆየትና ቃልን በጭንቅላት አቀናብሮ ማውረድ ከሆነ፣ ከተቀዱት ራፐሮች መካከል ይገባዋል እላለሁ። ሚዛኑ ፈር ቀዳጅነት ከሆነ ግን ራኪም ይቅደም። ጥላሁንስ? በተቀዳ የኢትዮጵያ ድምፅ ውስጥ ንጉሥ መባሉ ይገባዋል፤ ሦስት መንግሥት፣ እስር፣ ስለትና በሽታ ያላስቆመው ድምፅ ነው። በቃል ፈጠራ ግን ዘውዱን ለማንም አልሰጥም። ዘውዱ ሊገባቸው ከሚችሉት ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። ያ ወንበር ባዶ ይቆይ፤ ባዶ መሆኑ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

የቃል ፈጠራ ግን ገና አልሞተም። ዛሬም በዚህ ሜዳ ላይ ጥርና ሚያዝያ ሲመጣ ዳስ ይጣላል፣ ማሲንቆ ይሰማል። እኛ ደግሞ ለተግባር ልምምድ በየቀበሌው እንወጣለን። ከብት ስንቆጥር፣ መኖ ስንመዝን እንውላለን። ማታ ሰርግ ቤት ብትገቡ ስልካችሁን አውጡ። መጀመሪያ አዝማሪውን አስፈቅዱ፤ ሽልማቱንም አትርሱ፤ ኋላ ወረታ ሳያገኝ እንዳይገባ። ከዚያ ቅዱ። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን ጻፉ። ስለ ላሟ መዝገብ የተማርነውን ለሰውዬው ብናደርገው ምን ይከብደናል?

እኔ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ጥር የአያቴን የእኅት ልጅ ሄጄ 40 ደቂቃ ቀዳሁ። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ማታ እራት በልተን ስንቀመጥ ‹‹እስኪ ያንን ነገር ክፈተው›› አለኝ። እስከ መጨረሻው ሰማው። ምንም አላለም። ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ግጥሙ ሊያልቅ ሲል፣ ቤት የሚመታውን ቃል ከአዝማሪው ቀድሞ ሲናገር ሰማሁት።

ለክርክሩ ጓደኞቼ በሙሉ፣ መብራት ሲጠፋ እንገናኝ። በዚህ ጊዜ ዝም አልልም። ቸር እንሰንብት።